ባዶውን የማይጣድ ዕቃ

ሚስተር ራጋቫን መሞታቸውን የሰማሁት ከሞቱ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። የነገረኝ የድሮ ተማሪያችን ነው። አባቱን ለልብ ሕክምና ይዞ ህንድ ሄዶ ነበር፤ ወረፋ ሲጠብቅ ሥራ ቢፈታ የሒሳብ አስተማሪውን አፈላለገና ልጃቸውን አገኛት። «አባቴ ደብረ ታቦር፣ ደብረ ታቦር እንዳለ ነው የሞተው» አለችው።

ስልኩን ዘጋሁና ወጥ ቤት ገባሁ። ምን ልሠራ እንደገባሁ አላውቅም። ሰው ሲሞት ለቅሶ ይደረሳል፤ እኔ የምደርስበት ለቅሶ አልነበረም። እነሱ አገር ድንኳን ይጣል አይጣል እንኳ አልጠየቅኋቸውም፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ጎረቤት ሆነን ስንት የማይረባ ነገር ስጠይቃቸው ይቺ አልመጣችልኝም። ስለዚህ ይችን እጽፋለሁ።

ደብረ ታቦር የተመደብኩት ደርግ ሥልጣን በያዘ በጥቂት ዓመቱ ነው። ጂኦግራፊ ነበር የማስተምረው። ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ ምላሴ ከእጄ የሚፈጥን፣ ወጥ ከጣድኩ የማረሩ ሽታ ሰፈር የሚያዳርስ ልጃገረድ ነበርኩ። የተከራየሁት እትዬ አንጓች ግቢ ነው። እትዬ አንጓች ስልሳ የሚጠጉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ላቀው የሚባል አንድ ወንድ ልጅ ያላቸው ሴት ነበሩ። ግቢው ውስጥ በአንድ ጣራ ሥር ሁለት የኪራይ ክፍሎች ነበሩ፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የሚስተር ራጋቫን። ግድግዳው ከላይ ጣራው ጋ ስለማይገናኝ እሳቸው ሰናፍጭ በዘይት ሲያንጣጡ እኔ በዚህ በኩል አስነጥሳለሁ።

ሚስተር ራጋቫን ከህንድ ደቡብ የመጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። አርባ አምስት ዓመት ቢሆናቸው ነው። ቀጭን፣ ጠይም፣ ጃንጥላ ከእጃቸው የማይለይ። የጉና ተራራን ብርድ እስከ መጨረሻው አልለመዱትም፤ ወፍራም ካልሲ አድርገው በላዩ ሰንደል ጫማ ይጫማሉ። አማርኛ የተማሩት ገበያ ነው። ስለዚህ የስብሰባ አማርኛ አይገባቸውም፤ «አድኃሪ» እና «ኢምፔሪያሊዝም» መባል ሲጀመር ጆሯቸው ይዘጋል። በሽንኩርት፣ በምስርና በምርቃት አማርኛ ግን ከእኔ ይሻሉ ነበር።

ሥጋ አይበሉም። እንቁላልም አይነኩም። ከተማው መጀመሪያ የተገረመው በዚህ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚጾም ሰው መነኩሴ እንጂ የሒሳብ አስተማሪ አይሆንም። ወተትና ቅቤ እንደሚበሉ ሲታወቅ ደግሞ ነገሩ ጭራሽ ተወሳሰበ። ሁለተኛው ግርምት ከዚህ የባሰ ነበር፤ ራሳቸው ያበስላሉ። ወንድ፣ ያውም አስተማሪ፣ ጉልበቱን አጥፎ ምድጃ ሥር ቁጭ ይላል። የሰፈሩ ሴቶች እሳት ለመጫር የመጡ መስለው በር ላይ ቆመው ያዩአቸዋል። እሳቸው አያፍሩም። ገብታችሁ እዩ ይሏቸዋል፤ ይኼ ከሙን ነው፣ ይኼ ድንብላል ነው፣ ሁሉም የናንተው ነው፣ እኔ ከአገሬ ያመጣሁት ዕቃውን ብቻ ነው።

ዕቃው ጮምቡ ይባላል። በሳቸው ቋንቋ ሙሉ ስሙ ኢያ ጮምቡ ነው። ከንጹሕ ቆርቆሮ የተሠራ ነው። ቆርቆሮ ስል የጣራውን ማለቴ አይደለም፤ ሬዲዮ ጠጋኞች እስታኞ የሚሉት፣ ሽቦ የሚያያይዙበት ዓይነት ነጭ ነገር ነው። ሆዱ ድብልብል ያለ፣ አንገቱ ጠበብ ብሎ አፉ መልሶ የሚሰፋ፣ የተቀጠቀጠበት የመዶሻ ምልክት ዙሪያውን የሚታይ ዕቃ ነበር። እትዬ አንጓች መጀመሪያ ሲያዩት ብር መስሏቸው ጥላሸት ማስነካት ነውር ነው ብለው ተቆጥተዋል። የእናታቸው ዕቃ ነው። ሚስተር ራጋቫን ወደ ኢትዮጵያ ሲነሱ እናትየው ከገዛ ማድቤታቸው አውጥተው፣ በአሮጌ ልብሳቸው ጠቅልለው ሰጧቸው። ደብረ ታቦር በገቡ በሁለተኛው ዓመት እናትየው ሞቱ። ቴሌግራሙ የደረሰው በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ያን ዕለት ሦስት ክፍለ ጊዜ አስተምረው፣ ቤት ገብተው፣ በዚያው ዕቃ ራሰም ሠሩ። እኔ መርዶውን የሰማሁት በሳምንቱ ነው፤ እሱንም ስለጠየቅኋቸው ነው የነገሩኝ።

ራሰም ቀጭን፣ ኮምጣጣ፣ የሚያቃጥል መረቅ ነው። እነሱ ሩዝ ላይ ያፈሱታል። እኛ ግቢ ግን ጉንፋን ለያዘው ሰው በኩባያ ይሰጥ ጀመርና በዚያው ለመድነው።

አሠራሩን ያስተማሩኝ እንደ ሒሳብ ነው፤ ደረጃ በደረጃ፣ አንዱ ሳያልቅ ወደ ሌላው አይኬድም። ሁመር የሚባለውን ኮምጣጣ ፍሬ በመተማ በኩል የሚነግዱ አንድ የገበያ ባለሱቅ፣ ሸህ ኢድሪስ፣ ያስመጡላቸዋል። ፍሬው ለብ ባለ ውሃ ይዘፈዘፋል፣ ይታሻል፣ ይጠለላል። ቲማቲሙ ከአንበሳሜ ገበያ ይመጣል፤ በእጅ ይጨፈለቃል እንጂ ቢላ አይነካውም። ቁንዶ በርበሬና ከሙን አብረው ይወቀጣሉ፤ ግን መላም የለባቸውም። ነጭ ሽንኩርቱ ከነልጣጩ ይመታል። ምስር ክኩ ለብቻው ይቀቀልና ውሃው ይጨመራል፤ በቅቤ የተንጣጣው ሰናፍጭና የድንብላል ቅጠሉ መጨረሻ ናቸው።

ከዚያ ዋናው ነገር ይመጣል። እኛ ወጥ ማለት የቆየ ነው ብለን ያደግን ሰዎች ነን። ቁሌቱ ይቆያል፣ ወጡ ይንተከተካል፣ ባለሙያ ሴት ማለት እሳት አጠገብ ማርጀት የማይታክታት ናት። ራሰም ተቃራኒው ነው። ዳር ዳሩን ነጭ አረፋ ይነሳል፤ አረፋው መሀል ላይ ሊገናኝ ሲል ከእሳት ይወርዳል። «ከፈላ ሞተ» ይላሉ ሚስተር ራጋቫን። እኔ ሦስት ጊዜ ገድዬዋለሁ። በአራተኛው ጃንጥላቸውን መሬት ላይ መታ አድርገው «አሁን» አሉኝ፣ አወረድኩት፣ ቀመስኩት፣ ያኔ ገባኝ።

ሁለተኛው ሕግ የጮምቡ ነው። ያ ነጭ ነገር እሳት አይችልም። ውስጡ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ምንም አይሆንም፤ ፈሳሹ ሙቀቱን ይወስድለታል። ባዶውን ከተጣደ ግን ወዲያው ይቀልጣል። «መጀመሪያ ውሃ፣ ኋላ እሳት» ብለው ሦስቴ አስደገሙኝ። ይህን አባባል ትምህርት ቤትም ይዘውት ይመጡ ነበር። መምህራን ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው በፖለቲካ ሲጋጋል፣ በዚያን ጊዜ ደግሞ መጋጋል ሕይወት ያስከፍል ነበር፣ ሚስተር ራጋቫን ብርጭቆ ውሃ ቀድተው ከሁለቱ መሀል ያስቀምጡና ይወጣሉ።  አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ውሃውን ይጠጣዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ካልጨመርኩ የኋላው አይገባም። ሚስተር ራጋቫን ውሸት አይችሉም ነበር። ተማሪዎቻቸውን «ስሌቱን አሳዩ» ይላሉ፤ መልሱ ትክክል ቢሆን እንኳ ስሌቱ ከሌለ ዜሮ ነው። እትዬ አንጓች ወጥ ልከውላቸው እንዴት ነበር ብለው ቢጠይቋቸው፣ ጨው በዝቶበት ከሆነ ጨው በዝቶበታል ይላሉ። እኔ ስንት ጊዜ እግራቸውን ረግጬ ዝም ላሰኛቸው ሞክሬያለሁ። አንድ ጊዜ የርዕሰ መምህሩ የወንድም ልጅ በፈተና ሠላሳ ስምንት አመጣ። ርዕሰ መምህሩ ለመኗቸው፣ ተቆጧቸው፣ ኮንትራታቸው በማን ፊርማ እንደሚታደስ አስታወሷቸው። ሚስተር ራጋቫን ልጁን ይላኩልኝ አሉ፤ እሱ ይለወጣል እንጂ ቁጥሩ አይለወጥም። ልጁ አንድ ወሰነ ትምህርት ሙሉ ግቢያችን እየመጣ ተማረ፣ ራሰምም ጠጣ፣ በራሱ ጉልበት አለፈ። ርዕሰ መምህሩ ግን እስከ መጨረሻው አልወደዷቸውም።

ላቀውን የወሰዱት እሁድ ረፋድ ላይ ነው። አብዮት ጠባቂዎች ግቢውን ሞሉት፤ ፍራሽ ተገለበጠ፣ መጻሕፍቱ በጆንያ ተከተቱ፣ ልጁን ከፊት አስቀድመው ሄዱ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ምን አደረገ? በዚያን ጊዜ ያ ጥያቄ አይጠየቅም። ሦስት ሳምንት እዚያው ከተማው ውስጥ ታስሮ እናቱ ስንቅ አመላለሱለት። ከዚያ አንድ ቀን ስንቁ ከነመሶብ ወርቁ ሳይነካ ተመለሰ። እዚህ የለም፣ ወደ ጎንደር ተወስዷል ተባሉ። «ተወስዷል» ሲባል ምን ምን ሊሆን እንደሚችል በዚያ ዘመን የማያውቅ ሰው አልነበረም።

እትዬ አንጓች አልጮሁም። ላልሞተ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው አሉ። ይልቅ ተሳሉ፤ ላቀው ቤቱ እስኪገባ ድረስ የፍስክ ነገር ላይቀምሱ፣ በቀን አንዴ ብቻ ሊበሉ። በቀን አንዴ የተባለው ቀስ እያለ በሁለት ቀን አንዴ ሆነ። ከዚያ ደግሞ ከጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ ማለት ጀመሩ። እንጀራው ይጎረሳል፣ ይታኘካል፣ አይዋጥም። በወሩ ነጠላው ከትከሻቸው ይንሸራተት ጀመር። የነፍስ አባታቸው አባ ተክሌ ስለቱን ሊያቀሉላቸው ቢሞክሩ እሺ አላሉም። እኔም አጥሚት ሠርቼላቸዋለሁ፤ ግን የእኔን አጥሚት ጤነኛም አይጠጣው። ሴትዮዋ ዓይናችን እያየ ሊሞቱ ነበር። ሁላችንም እናውቃለን፤ የሚናገረው ግን የለም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሚስተር ራጋቫን ኩባያ ይዘው ከክፍላቸው ወጡ። ቅቤውን ትተው በኑግ ዘይት ያንጣጡት የጾም ራሰም ነው። እትዬ አንጓች አመነቱ፤ የሠራው ሰው ያልተጠመቀ ነው፣ ስለት ላይ ያለ ሰው እንዴት ይቀምሰዋል? አባ ተክሌ ተጠሩ። ኩባያውን ተቀብለው አሸተቱ፣ አንዴ ፉት አሉ፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ፣ ደገሙ። ከዚያ ምስርና ውሃ ነው፣ ምስር ደግሞ ክርስትና አይነሳም፣ ጠጪው ብለው ፈቀዱ።

እትዬ አንጓች ጠጡ። ወረደላቸው። በማግስቱም ወረደላቸው። ከዚያ በኋላ ሚስተር ራጋቫን በየቀኑ ከትምህርት ቤት እንደተመለሱ ጮምቡን ይጥዳሉ። ምስሩን በየሁለት ቀኑ ትንሽ ትንሽ እያወፈሩት፣ በሦስተኛው ሳምንት ሩዝ ጨመሩበት። እትዬ አንጓች ገብቷቸው ይሁን ሳይገባቸው ዝም ብለው ይጠጣሉ። «አንቱ» ይሏቸው የነበሩትን ሰውዬም በዚያ ሰሞን «አንተ» ማለት ጀመሩ፤ ልጃቸውን እንደሚሉት።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ። ጥፋቱ የእኔም ነው።

የእኛ አገር ሴት አዲስ ሸክላ ስትገዛ ሳታሟሽ አትሠራበትም። ታጥበዋለች፣ ታደርቀዋለች፣ ባዶውን ትጥደዋለች። በደንብ ሲግል በጎመን ዘር ታሸዋለች። ሸክላው ቅባቱን ይጠጣል፤ ከዚያ በኋላ አያፈስም፣ ወጥም አይጣበቅበትም። ለሌላ ሰው ዕቃ ማሟሸት ትልቅ ነገር ነው፤ እናት ጎጆ ለምትወጣ ልጇ የምታደርገው ነው። እትዬ አንጓች የሚስተር ራጋቫንን ውለታ በምን እንደሚመልሱ ሲያስቡ ከርመዋል። አንድ ዓርብ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሮጥ አስቆሙኝ። ያ የህንዱ ዕቃ አንድም ቀን ተሟሽቶ አያውቅም፣ ወንድ ምን ያውቃል፣ ዛሬ ወግ ባለው መንገድ ላሰናዳለት ነው አሉኝ። ሰማሁ። ልብ ግን አላልኩትም፤ ደወሉ ሊደወል ነበር። ደስ ይላቸዋል አልኩና ሮጥኩ። መጀመሪያ ውሃ ኋላ እሳት ብዬ ሦስቴ የደገምኩ ሰው እኔ ነኝ፤ ለእሳቸው ነግሬያቸው አላውቅም።

ለምሳ እኔና ሚስተር ራጋቫን አብረን ተመለስን። እትዬ አንጓች ምድጃው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። መዳፋቸው ላይ የተጨበጠ ጎመን ዘር አለ። ጉልቻዎቹ መሀል፣ አመዱ ላይ፣ እንደ ፈሰሰ ወተት ክብ ሠርቶ የረጋ ነጭ ነገር ይታያል። ከጮምቡ ቅርጹን ሳይለቅ የቀረው ከአፉ ዙሪያ አንድ ቁራጭ ብቻ ነው።

«ላሟሽልህ ብዬ ነው» አሉ። ቀና ብለው አላዩንም። «ዓይኔ እያየ ፈሰሰ። ልጄም እንዲሁ ሆኗል፤ ተነገረኝ።»

ድምፃቸው ውስጥ እንባ አልነበረም፤ ያ ነው ያስፈራኝ። ይኼን ያህል ጊዜ ማልቀስ እምቢ ያሉት ክፉ ምልክት ስላላዩ ነው። አሁን አዩ። ከእንግዲህ ራሰምም አይወርድም፣ ውሃም አይወርድም። እኔ ይኼን ሳስብ ሚስተር ራጋቫንም ይኼንኑ እንዳሰቡ ከፊታቸው አወቅሁ።

ጃንጥላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ቁጢጥ አሉ። የረጋውን ነገር ከአመዱ አነሱት። አልበረደም ነበር፤ ከእጅ ወደ እጅ እያቀያየሩ አመዱን በሸሚዛቸው እጅጌ ጠረጉለት።  ከዚያ የገበያ አማርኛቸውን አንድ በአንድ እየመረጡ ተናገሩ።

«ደግ አደረጉ፣ እትዬ አንጓች። በእኛ አገር ሰው ርቆ ሲሄድ እናት ይኼን ዕቃ ሆን ብላ ታቀልጠዋለች። ዕቃው ቅርጹን ሲለቅ፣ ልጇን የያዘውም ይለቀዋል ይባላል። እኔ ልነግርዎ ፈርቼ ነበር። አንቱ ሳይነገርዎ አደረጉት።»

«ውነትህን ነው?»

«እውነቴን ነው» አሉ፤ ሠላሳ ስምንትን ሠላሳ ዘጠኝ ማድረግ ያቃታቸው ሰውዬ።

እትዬ አንጓች ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። ከዚያ ጎመን ዘሩን እንደጨበጡ፣ ታዲያ ከእንግዲህ በምን ትሠራለህ ብለው ጠየቁ። ሚስተር ራጋቫን በሸክላ እሠራለሁ አሉ፤ ግን ማሟሸት አላውቅም፣ አንቱ ያሟሹልኛል።  እትዬ አንጓች ያን ቀን ምንም ሳይቀምሱ ዋሉ፣ ምንም ሳይቀምሱ አደሩ።

በማግስቱ ቅዳሜ ከሚስተር ራጋቫን ጋር ሸክላ ልንገዛ በጋፋት መንገድ ወጣን። ጠዋት ነው፤ ጤዛው ካልሲያቸውን አበስብሶታል። እኔ ከጥፋቴ የተነሳ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ያጠፋ ሰው ደግሞ ሌላውን መውቀስ ይቀናዋል። እውነት እንደዚያ ዓይነት ልማድ አላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። 

«ስሌቱን አሳዩኝ ብትዪኝ የምሰጥሽ ባዶ ወረቀት ነው» አሉ።

«ልጁ ባይመለስስ? ምን ሊሏቸው ነው?»

«ያኔ በእኔ ይናደዱ» አሉ። «ለመናደድም መብላት ያስፈልጋል።»

ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አልጠየቅኋቸውም። ኪሳቸው ውስጥ ያ የቀለጠው ነገር እንደነበረ ግን አይቻለሁ፤ በመንገዱ ሁሉ እጃቸውን ከዚያ ኪስ አላወጡም።

ሸክላ ሠሪዎቹ ከመንደሩ ራቅ ብለው ነው የሚኖሩት። ሰው ሁሉ ዕቃቸውን ይገዛል፣ እጃቸውን ግን አይጨብጥም፤ ቡዳ ናቸው ይባላል። እኔ የተማርኩት እንኳ፣ ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ አንዲቷ ሸክላ ሠሪ እንዳይ የሰጠችኝን ድስት የተቀበልኩት በጣቶቼ ጫፍ ነበር። ሚስተር ራጋቫን መሬት ላይ በጃንጥላቸው ጫፍ የጮምቡን ቅርጽ ሣሉላት። ሴትዮዋ አይታ ሳቀችና ከተደረደሩት መሀል አንገቷ ጠበብ ያለች ትንሽ ድስት አወጣችላቸው። ድስቷን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ አስቀምጠው፣ የሴትዮዋን ጭቃ የነካው እጅ ጨበጡ። ስንመለስ ለምን እንደተደናገጥኩ ገብቷቸው፣ በእኛም አገር እንዲሁ ነው አሉኝ፤ ልጅ ሆኜ እኔም የሸክላ ሠሪ እጅ አልነካም ነበር፣ ከአገሬ ከራቅሁ በኋላ ነው ያፈርኩት። ብዙ ጊዜ ስለ ራሳቸው እንዲህ አያወሩም።

ድስቷን ከእትዬ አንጓች ፊት አኖሯት። እትዬ አንጓች ጎንበስ ብለው አዩዋት። ከዚያ አንስተው በጣታቸው ኳ ኳ አድርገው ድምጿን ሰሙ፤ ጆሯቸው አስጠግተው ደገሙ። የደረቀ እንጨት አምጪ አሉኝ። ያመጣሁትን እንጨት አልወደዱትም፤ ጭስ ይበዛዋል ብለው ተቆጡኝ። መቆጣታቸውን ስሰማ ደስታዬን መግለጽ አልችልም። ድስቷ ስትግል ጎመን ዘሩን ወቅጠው አሹባት፤ እጃቸው ቆዳና አጥንት ብቻ ሆኖም ሥራውን አልረሳም። ሚስተር ራጋቫን አጠገባቸው ቁጢጥ ብለው እንደ ተማሪ ያያሉ፣ ለምን እንዲህ ሆነ እያሉ ይጠይቃሉ፣ እትዬ አንጓች ይመልሳሉ።

ከዚያ ራሰሙ ተሠራ። አረፋው መሀል ላይ ሊገናኝ ሲል ሚስተር ራጋቫን እንደ ልማዳቸው አወረዱት። ሸክላ ግን ጮምቡ አይደለም፤ ሙቀት ይይዛል። ከእሳት ወርዶም መንተክተኩን ቀጠለ፣ ተንተከተከ፣ አላቆም አለ። ሦስታችንም ቆመን አየነው። ሲበርድ ሚስተር ራጋቫን ቀመሱና ፊታቸው ወደቀ።

«ሞቷል» አሉ።

እትዬ አንጓች ሳቁ። ልጃቸው ከተወሰደ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቅ ነው። ኩባያውን ተቀብለው እስከ መጨረሻው ጠጡት፤ ሌላም ተቀዳላቸው። ለሸክላ አረፋው ገና ዳር ዳሩን ሲጀምር ማውረድ እንደሚያስፈልግ በሦስተኛው ቀን ደረሱበት። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልሞተባቸውም፤ እትዬ አንጓችም አንድም ቀን አልበላም አላሉም። ሰኔ ሲገባ እንጀራ መዋጥ ቻሉ።

ሚስተር ራጋቫን ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ቆዩ። ኮንትራታቸው ሲያልቅ ሳይታደስ ቀረ። የሄዱ ቀን ድስቷን ለእትዬ አንጓች ትተው፣ የቀለጠውን ቆርቆሮ በካልሲ ጠቅልለው ይዘው ሄዱ። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘናቸው። ላቀው ገና አልተመለሰም ነበር። እትዬ አንጓች ግንባራቸውን ስመው መረቋቸው። ሚስተር ራጋቫን ምርቃቱን በየቃሉ «አሜን» እያሉ ተቀበሉ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው እንዳትገድይው አሉኝና ተሳፈሩ።

ላቀው የተፈታው እሳቸው በሄዱ በስድስተኛው ወር ነው። እኔ ያኔ ባሕር ዳር ተዛውሬ ነበርና ወሬውን እንደሰማሁ መጣሁ። ልጁ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል፤ ከስቷል፣ ያስለዋል፣ ጠጉሩ ተላጭቷል። ግን እሱ ነው። እናቱ ትንሿን ድስት ጥደው አጠገቧ ቆመዋል። ዓይናቸውን ከልጃቸው ላይ ለማንሳት ስለማይችሉ ራሰሙን አፍልተው ገደሉት፤ ላቀው አላወቀም፣ ጠጣው።

ልጁ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገው እኔና እትዬ አንጓች ጥላው ሥር ገባን። ቀልድ አማረኝ። የህንዶቹ ምልክት ሠራላችሁ ማለት ነው፣ ዕቃው ቀልጦ ልጁን መለሰው አልኳቸው።

እትዬ አንጓች ገርሟቸው አዩኝ። «አዬ አስቴር፣ አንቺ ደግሞ አምነሽው ኖሯል?»

«እኔማ ውሸት መሆኑን ነግረውኛል። ያመኑት እርስዎ ነዎት እንጂ።»

«እኔ? ፊቱን እያየሁት? ሆን ብሎ የሚያቀልጥ ሰው አመዱን በእጅጌው ይጠርጋል? የናቱን ሬሳ ነበር እኮ የሚያነሣ የመሰለው።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ልጄ አለ ብዬ አልነበረም የበላሁ። ያን ቀን ላቀው ሞቷል ብዬ ቆርጬ ነበር።»

«ታዲያ ለምን በሉ?»

«የናቱን ዕቃ አጥፍቼበት አልተቆጣኝም። ዋሽቶ የማያውቅ አፉን ለኔ ሲል አበላሸ። ከዚያ በኋላ አልበላም ልለው ነው? በየትኛው ፊቴ?»

 ላቀው በእንቅልፉ ሲያስለው እትዬ አንጓች ተነሥተው ጋቢውን እስከ አንገቱ ሳቡለትና ተመለሱ። ለሚስተር ራጋቫን፣ ማወቃቸውን ከመሄዳቸው በፊት ነግረዋቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ምኑን ልንገረው?» አሉ። «ደስ ብሎት ነበር እኮ። ሁለት ዓመት ሙሉ በበላሁ ቁጥር ሰርቆ ያየኛል፣ ያየኝና ፈገግ ይላል። በዕድሜው አንዲት ውሸት ዋሸ፣ እሷም ያዘችለት። እንዴት አድርጌ ልቀማው?»